ሁሉንም የመረጃ መሥሪያ ቤቶች አንድ ማድረግ ይሻላልን?

ጥያቄ፦ «ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። በክርክር ክበባችን ‹አንድ አገር አንድ ጠንካራ የስለላ ድርጅት ይበቃዋል› የሚል ርዕስ መርጠናል። ተማሪዎቼ አሜሪካ አሥራ ስምንት የስለላ ድርጅቶች እንዳሏት አንብበው ግራ ገብቷቸዋል። ሲአይኤ የሁሉም አለቃ አይደለም እንዴ? ይህን ያህል መሥሪያ ቤት ማቆም ገንዘብ ማባከንና እርስ በርስ መጠላለፍ አይሆንም? በእኛስ አገር ደህንነቱን፣ ኢንሳን፣ የመከላከያ መረጃንና የፖሊስ ምርመራን አዋህዶ በአንድ ኃላፊ ሥር ማድረግ አይሻልም? ዳኛው እኔ ስለሆንሁ ትክክለኛውን መልስ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ ከቃሉ ካልጀመርን ክርክሩ ገና ከመነሻው ይበላሻል። በአማርኛ «መረጃ» የሚለው ቃል የተሸከመው ብዙ ነው። የጤፍ ዋጋም መረጃ ነው፤ የስልክ ቁጥርም መረጃ ነው፤ ባለሥልጣን «መረጃ ደርሶናል» ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ማለቱ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው መረጃን ከማስረጃ ጋር ያምታታል። ማስረጃ የተፈጸመን ድርጊት በፍርድ ቤት ለማረጋገጥ ይቀርባል፤ ተከሳሹ ያየዋል፣ ጠበቃው ይሞግተዋል። የደህንነት መረጃ ግን ብዙ ጊዜ ገና ስላልደረሰ ነገር ከቁርጥራጭ ወሬ ተለቅሞ፣ ተመዝኖ፣ ውሳኔ ለሚሰጥ ሰው የሚቀርብ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ይሳሳታል። ሊሳሳት በሚችል ግምት ሰው እንዳይታሰር ብዙ አገሮች ሰብሳቢውንና አሳሪውን ለያይተዋል። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሆነው ኤምአይ ፋይቭ ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን የማሰር ሥልጣን የለውም። ማሰር ሲያስፈልግ ፖሊስ ይጠራል።

ስለላም የሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሕዝባችን የሚያውቀው ጆሮ ጠቢውንና ነጭ ለባሹን ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ከሚሠራው ሰው አብዛኛው ሰላይ አይደለም። ተርጓሚ አለ፣ የሬዲዮ ድምፅ የሚያዳምጥ አለ፣ የሳተላይት ፎቶግራፍ የሚያነብ አለ፣ የባንክ ዝውውር የሚመረምር አለ፣ ከሁሉም የመጣውን አንድ ገጽ አድርጎ የሚጽፍ አለ። የመሥሪያ ቤቶቹ መብዛት የሚጀምረው ከዚህ ከሙያዎቹ መለያየት ነው።

የአሜሪካ የውጭ ስለላ ድርጅት የሆነው ሲአይኤ የሁሉም አለቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሕግ ሲያቋቁመው የፖሊስነትም ሆነ የአገር ውስጥ ጸጥታ የማስከበር ሥልጣን እንደማይኖረው በግልጽ ደንግጓል። የፌዴራል ምርመራ ቢሮውን፣ ኤፍቢአይን፣ ማዘዝ አይችልም፤ አሜሪካ ውስጥ ሰው ማሰርም አይችልም። ከአሥራ ስምንቱ ዘጠኙ የመከላከያ ሚኒስቴሩ አካላት ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ የውጭ ግንኙነቶችን የሚጠልፈው ኤንኤስኤ፣ የስለላ ሳተላይቶችን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት፣ ካርታና ምስል የሚተነትነው መሥሪያ ቤትና የየጦር ክፍሉ መረጃ ይገኙበታል። ሰባቱ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥር የተበተኑ ናቸው፤ ኤፍቢአይ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ፣ የገንዘብና የኢነርጂ ሚኒስቴሮችም የራሳቸው ክፍል አላቸው። ራሳቸውን ችለው የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ሲአይኤና የብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት። «አለቃ» የሚባል ካለ ይህ ዳይሬክተር ነው፤ እርሱም የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ ነው። እርሱም ቢሆን አስተባባሪ እንጂ አዛዥ አይደለም። ለፕሬዚዳንቱ በየቀኑ የሚቀርበውን ዘገባ ይመራል፣ የጋራ በጀቱን ያዘጋጃል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩን ሠራተኞች ግን መቅጠርም ማባረርም አይችልም።

የጎንደር ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ የፋሲል ግቢን አጥር ይዙሩ። አሥራ ሁለት በሮች አሉት ይባላል፤ ወንበር በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር እየተባሉ ለዳኛው፣ ለፈረስ ኃላፊው፣ ለሙዚቀኛው ተለይተው የተሰየሙ። ንጉሡ አንድ ነው፤ የሚገባበት ጉዳይ ግን በየበሩ ይለያያል። አሥራ ሁለቱን በር ደፍኖ አንድ ሰፊ በር መክፈት ግቢውን አያጠነክረውም፤ በረኛውን ያጠነክረዋል።

ስለ ገንዘቡ የተማሪዎችዎ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። አሜሪካ በ2023 የበጀት ዓመት ለብሔራዊው የመረጃ መርሐ ግብር 71.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ለወታደራዊው ደግሞ 27.9 ቢሊዮን ዶላር መድባለች። መደራረብ አለ፣ ብክነትም አለ። ነገር ግን መደራረብ ሁሉ ብክነት አይደለም፤ ተማሪዎችዎ በብዛት የሚስቱት ይህን ይመስለኛል።

የዐድዋን ነገር ያስታውሱ። የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ሠራዊቱን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ ከእጁ የነበረው በእጅ የተነደፈ ንድፍ ካርታ ነበር። የአልቤርቶኔ ብርጌድ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። በካርታው ላይ ስሙ የሰፈረበት ቦታና ባላገሩ ኪዳነ ምሕረት ብሎ የሚጠራው ቦታ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቁ ነበር። ብርጌዱ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገሰገሰና ከጓደኞቹ ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። በሌላ በኩል ለጣሊያኖቹ የሚሰልል መስሎ ለአገሩ የሠራው ባሻ አውዓሎም ያቀበላቸውን ወሬ አምነዋል። አንድ ካርታ፣ አንድ ታማኝ የመሰለ ሰው፤ አንዱን በሌላው የሚያመሳክር ግን አልነበረም። የጀግኖቻችን ተጋድሎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ስሕተት ለድሉ ያደረገውን አስተዋጽኦ አለመናገር ታሪኩን ማጉደል ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ግምት እንዲሰጥ ሲደረግ ምን እንደሚሆን እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1973 ግብፅና ሶርያ በድንገት ሲያጠቋት አይታለች። አገራዊውን ግምገማ የሚጽፈው ወታደራዊ መረጃው፣ አማን፣ ነበር። ግብፅ እስከ እስራኤል ጥልቅ ግዛት ድረስ የሚመታ አቅም ሳትይዝ ጦርነት አትጀምርም የሚል እምነት ይዞ ነበርና የሚመጣውን ምልክት ሁሉ በዚያ መነጽር አየው። የውጭ ስለላው ድርጅት የሞሳድ ኃላፊ ከምንጩ ማስጠንቀቂያ የሰማው ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ኋላ የተቋቋመው የአግራናት አጣሪ ኮሚሽን ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ ግምገማው የአንድ አካል ብቻ እንዳይሆን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩም ሞሳድም የራሳቸውን የምርምር አቅም እንዲያጠናክሩ ነው። ክፉኛ የደነገጠች አገር፣ ደህንነቷ የህልውናዋ ጉዳይ የሆነ አገር፣ ከአደጋው በኋላ የመረጠችው መጠቅለልን ሳይሆን ማብዛትን ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2002ቱን የኢራቅ ጉዳይም ይጨምሩበት። ሲአይኤ ኢራቅ የምታስመጣቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለኒውክሌር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ለማበልጸጊያ ናቸው አለ። ማበልጸጊያ መሣሪያን በቅርብ የሚያውቁት የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ቱቦዎቹ ለዚያ አይሆኑም፣ ለሮኬት ነው የሚመስሉት አሉ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው ትንሹ የመረጃ ቢሮም በኒውክሌሩ ጉዳይ ተቃውሞውን በጽሑፍ አሰፈረ። ትንሾቹ ልክ ነበሩ። አልተሰሙም፤ ጦርነቱም ተካሄደ። ግን ተቃውሟቸው በሰነዱ ላይ ስለተጻፈ በኋላ ማን ምን እንዳለ ማወቅ ተቻለ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቢሆን ኖሮ ያ ተቃውሞ በአንድ የክፍል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሞቶ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልለፍ። የመረጃ መሥሪያ ቤት ሁሉን የሚያውቅ ከሆነና ማንም እርሱን የማያውቀው ከሆነ፣ አደጋው ከውጭ ጠላት አያንስም። የሶቭየቱ ኬጂቢ የውጭ ስለላውን፣ የአገር ውስጥ ክትትሉን፣ የድንበር ጥበቃውን፣ የመንግሥት ግንኙነት መሥመሩንና የመሪዎችን ጥበቃ ጭምር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ነበር። በኦገስት 1991 በአገሪቱ መሪ በጎርባቾቭ ላይ ከተነሡት ሰዎች ዋናው የኬጂቢው ሊቀመንበር ክሩችኮቭ ራሱ ነበር። መሪውን የሚጠብቀውም፣ ስልኩን የሚያገናኘውም የእርሱ መሥሪያ ቤት ስለነበር የጎርባቾቭን ስልክ ማቋረጥ አልከበደውም። ሙከራው ሲከሽፍ ድርጅቱ በዓመቱ መጨረሻ ተከፋፈለ።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን ሲጎበኙ አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ካካሄዱት መካከል የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ የፖሊሱ አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የንጉሠ ነገሥቱ የደህንነት ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነበሩ። ለንጉሡ ማስጠንቀቂያ መስጠት የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። የአነሣሣቸውን ዓላማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይፍረዱት፤ ከአደረጃጀት አንጻር ግን ልብ ማለት የሚገባን መፈንቅለ መንግሥቱ የከሸፈው ከዚያ ክበብ ውጭ በቀሩት በምድር ጦሩና በአየር ኃይሉ መሆኑን ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ «ብዙ ይሻላል» ለሚለው ወገን የሚያደላ ይመስላል። ብዙ መሆንም በራሱ አያድንም። መሥሪያ ቤቶች የሚሰበሩት ብዙ ጊዜ እንደ ልብስ ስፌታቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ሲአይኤ ኳላ ላምፑር ውስጥ የተገናኙ የአልቃይዳ ሰዎችን ይከታተል ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ኻሊድ አል ሚህዳር፣ ወደ አሜሪካ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ታወቀ። በሲአይኤው ክፍል ተመድቦ ይሠራ የነበረ አንድ የኤፍቢአይ ባልደረባ ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቅ መልእክት አረቀቀ። «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ፤ መልእክቱ ሳይላክ ቀረ። ሰውዬውና ጓደኛው ናዋፍ አል ሃዝሚ በዚያው ወር ሎስ አንጀለስ ገብተው ሳን ዲዬጎ ተቀመጡ። የአል ሃዝሚ ስም በከተማው የስልክ ማውጫ ላይ ታትሞ ነበር። ክፍል ያከራያቸው አንድ ሰው ደግሞ ራሱ የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ ነበር። ስማቸው ወደ አገር እንዳይገቡ በሚከለክለው መዝገብ የሰፈረው በኦገስት 2001 መጨረሻ፣ ከገቡ በኋላ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን ሁለቱም ፔንታጎንን በመታው አውሮፕላን ላይ ነበሩ። መረጃው ነበር፤ ሰብሳቢውም ጎበዝ ነበር። የጎደለው «ይህን ለእገሌ መስጠት የእኔ ግዴታ ነው፣ ካልሰጠሁ እጠየቅበታለሁ» የሚል ሰው ነበር።

ስፌቱ የሚተረተረው ደግሞ ሁልጊዜ በምቀኝነት አይደለም። በወጣትነቴ፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች የላኩትን የስም ዝርዝር እንዳመሳክር ተሰጥቶኝ ነበር። ቀይ እስክርቢቶ ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። አንዱ ዝርዝር ላይ «ኃይሉ ፀሐይ» ሌላው ላይ «ሀይሉ ጸሀይ» ብለው እንዲህ ዓይነት ስሞች ተጽፈዋል (ስሙን ለምሳሌ የፈጠርሁት ነው)። ለዓይን አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። የአንዱ የትውልድ ዘመን 1965፣ የሌላው 1972፤ አንዱ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ጽፎ ነበር። አንዱ በአባት ስም ያበቃል፣ ሌላው አያትን ይጨምራል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ፀ ስንት ዓይነት ሆና እንደምትጻፍ አይነገርም። አንድ ወጥ የአጻጻፍ ደንብ ስለሌለ ብቻ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ስለ አንድ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ ዶሴዎች ከፍተው ነበር። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በስም መመሳሰል ብቻ ንጹሕ ሰው የሌላው ዶሴ ይለጠፍበታል።

ከከተማችን አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ የደረሰ ጉዳይ አይደለም፣ ለማሰቢያ ያህል ነው። የጥምቀት ሰሞን ነው እንበል። ቅዳሜ ገበያ አንዲት ቅቤ ሻጭ የተቀበለችውን ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት በጣቷ ዳስሳ ትጠራጠራለች፤ ለፖሊስ ታሳያለች። ፒያሳ ያለ የባንክ ገንዘብ ከፋይ በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ሐሰተኛ ኖቶች ይይዛል፤ ለዋናው መሥሪያ ቤቱ ይጽፋል። በመተማ መንገድ ያለ የጉምሩክ ፍተሻ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ያልተለመደ ወረቀትና ቀለም አግኝቶ ቀረጥ አስከፍሎ ይለቀዋል። የፋይናንስ ደህንነቱ መሥሪያ ቤት በአንድ ሒሳብ ውስጥ በየቀኑ የሚገባ ትንንሽ ገንዘብ ያያል። አራቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ አራቱም ግን ምን እንዳዩ አያውቁም። አሁን አራቱን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጧቸው፤ ወዲያው ጠብ ይነሣል። ፖሊሱ ኖቱን ያቀበለውን ልጅ ዛሬውኑ ልያዝ ይላል፤ ሕጉም ያዝ ይለዋል። የመረጃ ሰው ተወው፣ ማን ጋ እንደሚሄድ እንየው ይላል። ቢታሰር ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል፤ ቢተው ደግሞ ሌሎች ቅቤ ሻጮች እስከ በዓሉ ማግሥት ይዘረፋሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። መወሰን ያለበት ከሁለቱም በላይ የተቀመጠ፣ ውሳኔውን በስሙ የሚፈርም ሰው ነው። መቀናጀት ማለት ይህ ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ ሻይ መጠጣት አይደለም።

«እንግዲያው ሁሉም ለሁሉም ይስጥ» የሚል ተማሪ ይነሣብዎታል። እንዲህ አይቻልም። ምንጭ የሆነ ሰው መረጃ የሚሰጠው ሕይወቱን አሲዞ ነው፤ ወረቀቱ በብዙ እጅ ባለፈ ቁጥር የመጋለጡ ዕድል ይጨምራል። አሜሪካኖች ከ2001 በኋላ ማካፈሉን ሲያሰፉ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ተራ ወታደር ከሩብ ሚሊዮን በላይ የኤምባሲ መልእክቶችን ገልብጦ ማውጣት ቻለ። የኤፍቢአዩ ሮበርት ሃንሰንም ከ1979 ጀምሮ እስከተያዘበት እስከ 2001 ድረስ፣ በመሐሉ ቢያቋርጥም፣ ለሞስኮ ሠርቷል። ስለዚህ «ማወቅ ለሚገባው ብቻ» የሚለው ደንብ ቂልነት አይደለም። በአገሮች መካከልም እንዲሁ ነው፤ የሰጠሁህን ሳታስፈቅደኝ ለሦስተኛ ወገን አትስጥ የሚለው ደንብ ካልተከበረ ነገ የሚሰጥ አይኖርም።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ተማሪዎችዎ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመውን ብቻ ይዘው ይከራከሩ። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 804/2005 እንደገና ተቋቁሟል። ኢንሳ የኮምፒውተር መረብ ደህንነትን ይዟል፤ መከላከያ የራሱ መረጃ አለው፤ የፋይናንስ ደህንነትና የኢሚግሬሽን ሥራዎች የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ኢሚግሬሽን ለብዙ ዓመታት ከደህንነቱ ጋር አንድ ላይ ነበር። በደርግ ዘመን ደህንነት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋም ደህንነቱም፣ ኢንሳም፣ ፌዴራል ፖሊስም ለእርሱ ተጠሪ ሆነው ነበር፤ ኋላ አደረጃጀቱ እንደገና ተለወጠ። በዜና የምንሰማው የጋራ ግብረ ኃይልም አንዱ የማቀናጃ መንገድ ነው። መጠቅለልንም መበተንንም ሞክረናል ማለት ነው፤ የጎደለን ሳጥኖቹን ደጋግሞ ማዛወር አይደለም።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ አታዋህዱ። ሰብሳቢዎቹ በየሙያቸው ይቆዩ። የማሰር ሥልጣን ከመሰብሰብ ሥልጣን ይለይ። አንድ መሆን ያለበት ግምገማው ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የመረጃ የጋራ ኮሚቴ አላቸው፤ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና መረጃውን የሚጠቀሙት ሚኒስቴሮች ተወካዮች አብረው ተቀምጠው አንድ ግምገማ ያወጣሉ። ለእኛ አቅም ከአሜሪካው ግዙፍ አሠራር ይህ ይቀርባል። እኔ ከዚያ ላይ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ፦ ያልተስማማ መሥሪያ ቤት ተቃውሞው በዚያው ሰነድ ላይ ይጻፍለት፤ የስም አጻጻፍና የዘመን አቆጣጠር ደንቡም ለሁሉም አንድ ይሁን። ሁለተኛው ተራ ነገር ይመስላል፤ ከብዙ ስብሰባ ግን ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የፍርድ ቤትና የምክር ቤት ቁጥጥር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግለሰብን የግል ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ይጠብቃል። ይህን አንቀጽ ሳያነብ «ጠንካራ» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ተከራካሪ ነጥብ ይቀነስበት። በስልኩ መናገር የሚፈራ ሕዝብ የሚያውቀውን ለማንም አይናገርም፤ ያቺ ቅቤ ሻጭ ኖቷን ለፖሊስ የምታሳየው ፖሊሱን ካመነችው ብቻ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። ክርክሩ ወደ ሰዎች ስም እንዳይወርድ ያድርጉ፤ «እገሌ የደህንነት ሰው ነው» የሚል ወሬ በትምህርት ቤት ግቢ ሲነሣ ልጅም ወላጅም ሊጎዳ ይችላል። ሌላው፣ ከፊልምና ከማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀመ የሞሳድ ገድል እንደ ማስረጃ እንዳይቀርብ ይከልክሉ።

ርዕሱን ደግሞ ገና ጊዜ ሳለ ይለውጡት። «አንድ ይበቃል ወይስ ብዙ» የሚለው ተማሪዎቹን ቁጥር ያስቆጥራቸዋል። ይልቁንስ «አንድ የመረጃ መሥሪያ ቤት ያወቀውን ለሌላው ባለመስጠቱ ጉዳት ቢደርስ በሕግ ሊጠየቅ ይገባል» በሉት። ሁለቱም ወገን የሚይዘው ጠንካራ ነገር ይኖረዋል፤ አንዱ ሳይላክ የቀረውን መልእክት፣ ሌላው የሚጋለጠውን ምንጭ።